ስድስት ሰው «አዎ» ያለበት ፍርድ

ቨርሊን ፕሩዊት በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ለዓሣ ጥብስ ተሰልፋ ሳለ ካርቶን ላይ የተጻፈውን ማስታወቂያ አነበበችና ዓይኗን ማመን አቃታት። «ለክሌተስ ደንሞር ዊልቸር መወጣጫ ማሠሪያ። አንድ ሳህን አሥራ ሁለት ዶላር» ይላል።

ክሌተስን እንዴት ትረሳዋለች? ከጥቂት ዓመታት በፊት ክሌተስን የወረዳው ጠጠር ጫኝ መኪና ፍሬን አልይዝ ብሎ ወገቡን ሲሰብረው፣ ከነዋሪው ተመርጠው ክሱን ካዩት ስድስት የጁሪ አባላት ሰብሳቢዋ እሷው ነበረች። ሦስት ቀን በር ዘግተው ተከራክረው ሦስት ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ ዶላር ይከፈለው ብለዋል። ዳኛው እያንዳንዳቸውን «ይህ ፍርድ የእርስዎ ነው?» ብለው ሲጠይቁም፣ ስድስቱም «አዎ» ብለው ወደየቤታቸው ሄደዋል።

ሰልፉን ትታ በቀጥታ ወደ እሱ ሄደች። ዛፍ ሥር ዊልቸሩ ላይ ተቀምጧል።

«ክሌተስ፣ ሦስት ሚሊዮን የተፈረደለት ሰው ምን ሆኖ ነው ዓሣ የሚሸጥለት?»

«ሚስ ቨርሊን፣ በቁስሌ እንጨት አይስደዱብኝ።»

«እያሾፍኩ አይደለም። ገንዘቡ የት ገባ?»

ክሌተስ ትክ ብሎ አያት። የምሯን መሆኑ ሲገባው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሱማ የላም አለኝ በሰማይ ነው። የተከሰሰው መንግሥት ከሆነ ጁሪ ምንም ቢፈርድ ሕጉ ከሁለት መቶ ሺህ በላይ አያስከፍለውም። እሷኑም ሆስፒታሉና የእኔው ጠበቃ ተካፈሏት። የቀረውን የግዛቱ ምክር ቤት ለእኔ ብቻ ብሎ በልዩ ሕግ ካልፈቀደልኝ አላገኘውም። ወረዳው ደግሞ ጠበቃ እየላከ እንዳይፈቅዱልኝ ይከራከራል።»

«እኛ ስንፈርድ ታዲያ ይህን ለምን አልነገሩንም?»

«ለጁሪ አይነገርም።»

ቨርሊን ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት ምግብ ስትሠራ መንግሥት አንድም ቀን ሐሳቧን ጠይቋት አያውቅም። የጠየቃት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ እሷም እንቅልፍ አጥታ አስባበት ነበር የመለሰችው። ለካ ሲያጃጅሏት ኖሯል። አፈረች፤ ከማፈሯም ይልቅ ንዴቱ አንገበገባት። ዓሣውን ሳትበላ ቤቷ ገብታ ስልኳን አነሳች።

ከአምስቱ የጁሪ ባልደረቦቿ አራቱን አግኝታ የቀራት ሃስኬል ቲድዌል ነው። ሃስኬል የከብት ጨረታ አጫራች ነው፤ በጁሪው ክፍል ውስጥ «በዛ፣ ይቀነስ» እያለ ቁም ስቅሏን ያሳያት እሱ ነበር።

«መቼም ደስ ሳይልህ አይቀርም» አለችው ሁሉን ነግራው ስታበቃ። «ያንተው ሐሳብ አሸነፈ።»

«ምኑ ነው ደስ የሚለኝ? ሦስት ቀን ካንቺ ጋር ዱላ ቀረሽ ስከራከር፣ ለዊልቸሩ ጎማ ሳይቀር ስደራደር፣ እነሱ ቀድመው ቆርጠው አስቀምጠውት ኖሯል? እኔ መጫወቻ ነኝ እንዴ? መቼ ነው የሚሰበሰቡት?»

የወረዳው ምክር ቤት የሚሰበሰበው ማክሰኞ ነው። ከአጀንዳዎቹ አንዱም፣ የክሌተስን ጥያቄ የሚቃወመው ጠበቃ ዘንድሮም ይላክ ወይ የሚል ነበር። በዚያ ስብሰባ ማንም ነዋሪ ተነስቶ ሦስት ደቂቃ መናገር ይችላል፤ ከዚያ ቀይ መብራት ይበራና ማይክራፎኑ ይዘጋል።

ቨርሊን ንግግር አላዘጋጀችም። የፍርዱን ወረቀት ዘርግታ ማንበብ ጀመረች። ለቀዶ ጥገናው ይህን ያህል፣ ቀሪ ዕድሜውን ለሚያስፈልገው አስታማሚ ይህን ያህል፣ ይህም ለምን እንደተባለ እያስረዳች ሄደች። ቀዩ መብራት በራ።

«ሰዓትዎ አልቋል፣ ሚስ ቨርሊን» አሉ ሰብሳቢው ሚስተር ባርንዌል። «ወሰን ወሰን ነው፤ ለሁሉም እኩል ነው።»

«ስለ ወሰን እንኳ በቅርቡ ተምሬያለሁ» አለችና ወረቀቱን ከኋላዋ ለቆመው የጁሪ ባልደረባዋ ሰጠችው። እሱም ካቆመችበት ቃል ቀጠለ። ሦስተኛዋም ተቀበለችው፤ አራተኛው፣ አምስተኛዋም እንዲሁ።

«ይህ ፍርድ ምክር ቤቱን አያስገድደውም እኮ» አሉ ባርንዌል ግንባራቸውን እየጠረጉ።

«አናስገድድም» አለች ቨርሊን ከመቀመጫዋ። «እየፈረድን ነው።»

ሃስኬል ተራው ደርሶ ድምሩን ሊያነብ ሲል፣ ገና ሰዓቱ ሳያልቅ ማይክራፎኑ ተዘጋ። ሁለት መቶ በሬ እያገሳ ዋጋ ሲጠራ የኖረ ሰው ማይክራፎን ምን ያደርግለታል? ገፋ አደረገው።

«ሦስት ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ!» መስኮቱ ነዘረ። «እኔ ይቀነስ ብዬ ሦስት ቀን ለምኜ ሊቀነስ ያልቻለ ነው። ከዚህ ዝቅ የሚል ካለ ክሌተስ ይኸው፤ እያየው እጁን ያውጣ።»

ባርንዌል ጠበቃው እንዲላክ የሚደግፉ እጃቸውን እንዲያወጡ ጠየቁ። የምክር ቤቱ ድምፅ የሚሰጠው በእጅ ነዋ። እሳቸው የራሳቸውን አወጡ። ክሌተስ ዊልቸሩን ወደ ፊት ገፋ አድርጎ አምስቱንም የምክር ቤት አባላት በየተራ አያቸው። አንዷ የወንበሯን መደገፊያ ጨብጣ ቀረች፤ ሌላው ጆሮውን ያክ ጀመር። ሌላ እጅ አልወጣም። ባርንዌል የራሳቸውን ቀስ ብለው አወረዱ።

ተያይዘው ደጅ ወጡ። ጠበቃው ባይሄድም ገንዘቡን የሚፈቅደው የግዛቱ ምክር ቤት ነው፤ ሁሉም ያውቁታል።

«ዋና ከተማው ሩቅ ነው» አለ ክሌተስ። «እዚያ ደግሞ ለአንድ ሰው የሚሰጡት አንድ ደቂቃ ብቻ ነው አሉ።»

«እንግዲያው ፈጠን ብለን እናነባለን» አለችው ቨርሊን፣ የመኪናዋን በር እየከፈተችለት።