ቅሬው የወሰነው

ሚስባህ ከኮምቦልቻ የግንብ ሥራው የተመለሰው ቀኑ ሲያጋድል፣ በአሱር ሰዓት ነው። ከባጃጁ ሳይወርድ አስመለሰው። ሚስቱ ጣይባ ደግፋ አስገባችው፤ ወዲያው ተቅማጥ ያዘው፤ ውሃ ብቻ። ዐይኑ ሲሰረጉድ፣ የጣቶቹ ቆዳ ሲጨማደድ አየች።

«ኮሌራ ነው። ድንኳኑ ጋ እንውሰደው» አለች። ጤና ጣቢያው ለበሽታው ድንኳን ከተከለ ሰንብቷል።

አማቷ እማማ መሪየም በሩ ላይ ቆሙ። «ወላሂ አይሆንም! ቅሬው የወሰነውን አልሰማሽም? እዚያ የገባ በላስቲክ ተጠቅልሎ ነው የሚወጣ። ያልታጠበ ጀናዛ ቅሬው አያነሳም፤ ወደዚያ የወሰደም ከቅሬ ይባረራል።»

ሰምታለች። በሰፈራቸው በሆጤ ሰው ሲሞት የሚቀብር፣ ሲታዘን አብሮ የሚቀመጥ ቅሬ ነው። ከቅሬ የወጣ ሰው በቁሙ ብቻውን ነው።

ወደ ቅሬው ዳኛ ወደ ሐጂ አብዱልወሀብ ሮጠች። ሐጂን ለሰላት ውዱእ ሲያደርጉ አገኘቻቸው።

«ሐጂ፣ ይፍቀዱልኝ። ሚስባህ ሊሞትብኝ ነው።»

«ልጄ፣ ማኅበሩ የተማማለበትን እኔ ብቻዬን አልሽረውም። እዚያ ቢሞትስ ማን ያጥበዋል?»

«እኔው አጥበዋለሁ!»

ጣይባ መልስ ሳትጠብቅ ወጣች፤ አማቷን ከበሩ ገለል አድርጋ ባሏን ደግፋ አወጣችው።

ባለባጃጁ ጎረቤታቸው ጁነይድ አፍና አፍንጫውን በሻሽ ሸፍኖ ጫናቸው። «ከቅሬ እንዳታስወጪኝ» ይላል እየደጋገመ። በሚያልፉበት ሁሉ በሮች ይዘጋሉ። ጣይባ የባሏን እጅ ይዛለች፤ እጁ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል።

ነርሷ ነፃነት የደም ሥር ፍለጋ በሁለቱም ክንዶቹ ላይ ወጋች፤ አጣች። በመጨረሻ እግሩ ላይ አገኘች። ግሉኮሱ ሲንጠባጠብ አደረ። ሱብሒ ላይ ሚስባህ «ውሃ» አለ።

በዚያው ሰሞን ጎረቤታቸው ራቢያም ታመመች። ቤተሰቦቿ የቅሬውን ቃል አክብረው ቤት አስቀመጧት፤ ሞተች። ሴቶቹ በወጉ አጥበው ገነዟት፣ ሰፈሩ ነቅሎ ወጥቶ ቀበራት፣ ለቅሶ ቤት አብሮ በላ። ጣይባ ይህን የሰማችው ድንኳኑ ውስጥ ሆና ነው። ካጠቧት አንዷ እማማ መሪየም መሆናቸው ሲነገራት ነርሷን «ከሬሳ ይጋባል?» አለቻት፤ «ይጋባል» አለች ነፃነት።

ሚስባህ ሊወጣ ሲል ሰዎች አንዲት ሴት በቃሬዛ ተሸክመው ገቡ። እማማ መሪየም ነበሩ፤ ፊታቸው ጠቁሯል። ከፊት የያዙት ሐጂ አብዱልወሀብ ናቸው።

«ሌሎቹ አጣቢዎችም እየመጡ ነው» አሉ ሐጂ። «ጁነይድን በየሰፈሩ ልኬዋለሁ። የታመመ ሁሉ እንዲመጣ፣ ቅሬው አዟል በል ብዬዋለሁ።»

«ቅሬው ተሰበሰበ?» አለች ጣይባ።

«አልተሰበሰበም።»

እማማ መሪየም ተረፉ። ከራቢያ አጣቢዎች አንዷ ግን በዚያው ዕለት ድንኳኑ ውስጥ አረፈች። ከቅሬው ሰዎች ጀናዛዋን ለማንሳት የመጡት ጥቂት ናቸው፤ እነሱም ቀድሞ ለመንካት ፈርተው እርስ በርስ እየተያዩ ቆሙ።