በመጨረሻው ጥቅል ያለችው እጅ

ኔሪዮ የበላውን ፖም እምብርት ሊጥል ወደ ቆሻሻ ቅርጫቱ ጎንበስ ሲል ነው ጣቶቹን ያያቸው።

አራት ጣቶች ናቸው። ከፕሮጀክተሩ ጎን በሚያፈተልከው ብርሃን፣ በተጠቀለለ የፊልም ቁራጭ ላይ፣ ከጨለማ ውስጥ ብቅ ብለው ይታያሉ። ቁራጩን ከቅርጫቱ አውጥቶ ወደ ብርሃኑ አስጠጋው። ከላይ እስከ ታች በእያንዳንዱ ትንሽ ምስል ውስጥ ያቺው እጅ አለች። ወንበሩ ላይ ዝፍ አለ።

ጠዋት ቆርጦ የጣላት እሱ ራሱ ነው።

ፊልሙ ከመታየቱ በፊት ጥቅሎቹን አንድ በአንድ መፈተሽ ሥራው ነው። የጥቅል መጨረሻ ሁልጊዜ ይጎዳል። እዚያ ጋ ምስል የሌለው ጥቁር ጭራ ስላለ፣ የተበላሸውን ቆርጦ አዲስ ጭራ መቀጠል የፊልም አሳዪ ሁሉ ልማድ ነው። የመፈተሻ ጠረጴዛው አምፖል ዛሬ ጠዋት ተቃጥሎ ስለነበር በስልኩ መብራት አየት አደረገው። ጥቁር ነው። የጠርዙ ቀዳዳዎች ተቦድሰዋል። ሦስት ክንድ ያህል ቆረጠና ጣለ፤ አዲሱን ጭራ በፕላስተር አያይዞ እጁን ታጠበ። ጭራ መስሎት የጣለው የፊልሙን መጨረሻ ነበር።

ፊልሙ ደግሞ መጨረሻው ቢጎድል ማንም የማያስተውለው ዓይነት አይደለም። «የታችኛው ቤት እህቶች» የተሠራው ከሃምሳ ዓመት በፊት እዚሁ በጣሊያኗ ኪዮጃ ከተማ ውስጥ፣ ከቦዩ ዳር ባለ ውሃ የሚገባው ቤት ነው። ታላቋ እህት ታናሿን በውሃ ታሰጥማታለች። በመጨረሻ ታላቋ በጨለማው ኮሪደር ጫፍ ብቻዋን ተቀምጣ የሟቿን ስም ትጠራለች። ያኔ ከጨለማው ውስጥ አንዲት እጅ እየተንቀጠቀጠች ወደ መብራት ማብሪያው ትዘረጋለች። መብራቱ ሳይበራ ፊልሙ ያልቃል።

እጇ የማን ናት? የፊልሙ አዘጋጅ ሳይናገር ሞተ። በየዓመቱ በኅዳር አንድ እሑድ፣ ከቀትር በኋላ፣ ስልሳ የሚሆኑ ሰዎች ከያሉበት ተሰብስበው ፊልሙን አይተው የሚከራከሩት በዚህ ነው። የሟቿ ናት የሚሉት «ሙታን» ይባላሉ፤ ሟች የለችም፣ ሁሉም የታላቋ ቅዠት ነው የሚሉት «ሕያዋን»። ከሁለቱ ወገን የተጋቡ ባልና ሚስት አሉ፤ በዚህ ቀን በአንድ ረድፍ አይቀመጡም። በቪዲዮ የተባዛው ፊልም በጣም ስለሚጨልም እጇ አትታይበትም። ዋናው ፊልም ተቃጥሏል። እጇ ያለችው በዚህ ሲኒማ ባለው በዚህ አንድ ቅጂ ብቻ ነው።

ማለትም አሁን በኔሪዮ መዳፍ ላይ።

በትንሿ መስኮት ወደ አዳራሹ ተመለከተ። አራተኛው ጥቅል እየሄደ ነው፤ ስምንት ደቂቃ ቀርቶታል። አምስተኛው፣ የመጨረሻው፣ በሁለተኛው ማሽን ላይ ተጭኖ ተራውን ይጠብቃል። ጭራው ያለው ከጥቅሉ እምብርት ላይ ነው፤ እዚያ ለመድረስ ጥቅሉን ሙሉ ለሙሉ መተርተር ያስፈልጋል። ዕረፍቱ ደግሞ አልፏል። ከዕረፍቱ በኋላ ፊልሙን ማቆም በዚህ ጉባኤ ዘንድ በቅዳሴ መሀል እንደ ማፏጨት ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ቱሊዮ አንድ ጊዜ አቁሞ መጋረጃውን ስለዘጋ፣ ይኸው እስከ ዛሬ በዓሣ ገበያው ሲያልፍ «መጋረጃው መጣ!» ይሉታል።

ይህ ሁሉ ግን ኔሪዮን ያን ያህል አላስጨነቀውም። ያስጨነቀው በሦስተኛው ረድፍ ዳር የሚታየው ሰማያዊ ሻሽ ነው።

ሲኞራ ኤርሲሊያ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። ከአራት ዓመት በፊት ደረጃ ሲያወርዳቸው ነበር የነገሩት።

«እጇ የማን እንደሆነች ታውቃለህ?»

«እኔ እንኳ ከሙታንም ከሕያዋንም አይደለሁም፣ ሲኞራ።»

«የኔ ናት» አሉት እየሳቁ። «የልብስ ሰፊዋ ረዳት ነበርኩ። ተዋናይቷ ሥራዬን ጨርሻለሁ ብላ በጠዋቱ ባቡር ሄደች። አዘጋጁ እጅ ቸግሮት ሲንቆራጠጥ እኔን አየኝና ጎትቶ አስገባኝ።»

«ታዲያ ለምን አይነግሯቸውም?»

«ከነገርኳቸው በምን ሊጣሉ ነው? ልጄ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩት እኮ በዚህ ጭቅጭቅ ነው።»

ዛሬ ሲገቡ ደግሞ በር ላይ እጁን ያዝ አድርገው፣ «ሐሙስ ኖቫራ ከተማ ልጄ ዘንድ እገባለሁ። ቤቱ ተሸጧል። እጄን ልሰናበታት ነው የመጣሁት» ብለውታል።

ኔሪዮ ቁራጩን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገ። ፊልሙን ላቁምና ልናገር አለ። ከዚያ ስልሳ ሰው ዞሮ ወደ መስኮቷ ሲያይ ታየው። በልጅነቱ ክፍል ውስጥ አንብብ ሲባል ድምፁ የሚጠፋበት ሰው ነው። ምናልባት አያስተውሉ ይሆናል ሲል ራሱን አታለለ። ሰዓቱን አየ፤ አምስት ደቂቃ። እንደገና አየ፤ ሁለት። የመቀየሪያው ምልክት በሸራው ጥግ ብልጭ አለ፣ እጁ በልማድ ማብሪያውን ተጫነ፣ አምስተኛው ጥቅል ጀመረ።

ያ ጥቅል የሃያ ደቂቃ ሳይሆን የአንድ ቀን መሰለው። ቤቱ በውሃ ተሞላ። ታላቋ እህት ኮሪደሩ ውስጥ ተቀመጠች። «አንዮላ» ብላ ጠራች። ሲኞራ ኤርሲሊያ አንገታቸውን ሰገግ አደረጉ።

ጥቁር ሆነ። አለቀ።

መብራቱን ሲያበራ የሚንቀሳቀስ ሰው አልነበረም። በመጨረሻ የጉባኤው ሊቀ መንበር አዴልሞ፣ ጢማሙ ጡረተኛ ፋርማሲስት፣ ከወንበሩ ተነሣ።

«ወገኖቼ፣ እጇ የታለች?»

«አንተ አንቀላፍተህ ነዋ!» አለው አንድ ከኋላ።

«አንቀላፍተህ ሙት! ዐይኔን ሳልጨፍን ነው ያየሁት!»

«እኔም አላየሁም» አለች አንዲት ሴት። «እኔም»፣ «እኔም» የሚለው ድምፅ በረድፎቹ መሀል ተንጫጫ።

ከፓዶቫ የመጣችው ወጣት፣ ጂኔቭራ፣ ወንበሯ ላይ ቆመች። የሕያዋን ወገን ናት፤ ዐይኖቿ ያበራሉ። «እጇ ባትኖርስ? ማለቴ፣ መጀመሪያውኑ ባትኖርስ? በቪዲዮው የለችም። ዛሬም የለችም። ምናልባት ፊልሙ ነው እንድናያት ያደረገን። ጨለማውን ስናይ እኛው እንዘረጋታለን። እንደ ታላቋ እህት!»

አዴልሞ ጢሙን አሻሸ። ፊቱ ላይ ከቁጣው ይልቅ ደስታ እየበለጠ ሲሄድ ኔሪዮ ከላይ ሆኖ አየ።

«እስቲ» አለ አዴልሞ፣ «በሕሊናችሁ ሆናችሁ፣ ባለፉት ዓመታት እጇን በእርግጥ አይቻለሁ የሚል እጁን ያውጣ።»

በመጀመሪያ ብዙዎች አወጡ። ከዚያ ጎን ለጎን ተያዩ። አንዱ አወረደ። ሌላው ተከተለ። ከባልና ሚስቶቹ ባልየው እያመነታ ባወጣው እጁ ጭንቅላቱን አከከ። በመጨረሻ ሁለት ሰው ብቻ ቀረ።

ሲኞራ ኤርሲሊያ እጃቸውን አላወጡም። ጭናቸው ላይ አድርገው ቁልቁል ያዩዋታል፤ ገልበጥ አድርገው መዳፏን አዩ። ከዚያ ቦርሳቸውን አነሡና ካፖርታቸውን መልበስ ጀመሩ።

ኔሪዮ አፉን ወደ መስኮቷ አደረገ። ድምፅ አልወጣም። ቁራጩን ጨብጦ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወረደና በጎን በር ገባ።

«እኔ ነኝ!» አለ። «እኔ ነኝ የቆረጥኳት!»

ሳቅ ሆነ። «ይኸው፣ የፊልም አሳዪውም የራሱን ግምት ይዞ መጣ!» አለ አንዱ። «ተራህን ጠብቅ፣ ወንድሜ፣ ከጂኔቭራ ቀጥሎ ነህ።»

«ግምት አይደለም! ጭራ መስሎኝ ነው። አምፖሉ ተቃጥሎ ነበር። ይኸው!»

አዴልሞ ቁራጩን ተቀብሎ ወደ ጣሪያው መብራት አነሣው። ሳቁ ቆመ። «አንተ!» ብሎ ጮኸ፤ «አንተ… እጅህ ይቆረጥ!»

«ተው፣ አዴልሞ» አሉ ሲኞራ ኤርሲሊያ ካፖርታቸውን በግማሽ እንደ ለበሱ። «ለዛሬ አንዷ ትበቃለች። ልጁ ይቀጥላት።»

«እና ሲኞራ፣ ይህን ሰው ዝም ልንለው ነው?»

«እኔ እጠብቃለሁ። እናንተ ብትቸኩሉ ሂዱ።»

የሄደ የለም። ኔሪዮ ወደ ላይ ተመለሰ። ጥቅሉን ከማሽኑ አወረደ፤ ታይቶ ስላለቀ አሁን ጭራው ከላይ ነው። ከታች ጉርምርምታው እንደ ባሕር ይሰማዋል። ፕላስተሩ ጣቱ ላይ ተጣበቀ፤ ገነጠለውና እንደገና ቆረጠ። ቁራጩን በለስላሳ ጨርቅ ወለወለ። የመጀመሪያው ምስልና የመጨረሻው ክፉኛ ተቀድደው ስለነበር ሊያድናቸው አልቻለም። የተቦደሱትን ቀዳዳዎች ከሁለቱም ወገን በፕላስተር ጠጋገነ። ፊልሙ እዚያ ጋ ሲደርስ ቢበጠስስ? አንዴ ከተበጠሰ የማሽኑ ጥርሶች ያኝኩታል። በሃምሳ ዓመት አንዴ የተነሣች እጅ ናት፤ ሌላ ቅጂ የላትም።

ጥቅሉን እስከ ኮሪደሩ ትዕይንት መልሶ ጠቅልሎ ጫነ። በመስኮቷ ሳይሆን ማሽኑን እያየ ቆመ። ፊልሙ በጣቶቹ ሥር ሲሮጥ የጠገነው ቦታ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ሲል ሰማ። አለፈ።

ቀና ሲል እጇ ሸራው ላይ ነበረች። ከጨለማው ወጥታ፣ እየተንቀጠቀጠች፣ ጣቶቿን ዘርግታ።

ጥቁር ሆነ። ወዲያው ከታች ጫጫታው ፈነዳ። «ርጥብ ናት! አያችሁ ርጥብ መሆኗን!» «ርጥብ አይደለችም፣ አንተ ጎመን፣ ላብ ነው!» «ለምን ትንቀጠቀጣለች ታዲያ?» «ጸጸት ነዋ!» ጂኔቭራ ከሁሉም በላይ ትጮሃለች። ሁሉም ነገር እንደ ነበረ ሆነ።

ኔሪዮ ማሽኑን አጥፍቶ በጨለማ ተቀመጠ። የሚመጣው ዓመት አይጠሩኝም ሲል አሰበ። በሩ ገርበብ እንዳለ ነው፤ ከውጭ ደረጃው ጭልም ብሏል። እግር የሰማ መሰለው። ከዚያ በሩ ዳር አንዲት እጅ ከጨለማው ወጣች፤ ግድግዳውን እየዳሰሰች ወደ መብራቱ ማብሪያ ተዘረጋች።

መብራቱ በራ።

«ደረጃውን በጨለማ አስወጥተህ ልታስገድለኝ ነው?» አሉ ሲኞራ ኤርሲሊያ ቁና ቁና እየተነፈሱ።

«ይቅርታ፣ ሲኞራ። ሁለት ምስል ጎድሏል። ማዳን አልቻልኩም።»

«ታውቆኛል። ቶሎ ሄደችብኝ።» ወንበሩን ሳብ አድርገው ተቀመጡ። «አዴልሞ ምን ብሎ እንደ ጠየቀኝ ታውቃለህ? በሠላሳ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ‹ሲኞራ፣ እርስዎስ ለምን የምትንቀጠቀጥ ይመስልዎታል?› አለኝ።»

«ምን አሉት?»

«እውነቱን ነዋ። ኅዳር ነበር፣ ውሃው እስከ ጉልበቴ፣ ካልሲ እንኳ አልነበረኝም። ‹በርዷት ነው› አልኩት።»

«እሱስ?»

ሲኞራ ኤርሲሊያ ጓንታቸውን ከቦርሳቸው አወጡ።

«‹ይሄማ መላምት አይደለም› ብሎኝ ሄደ» አሉ፣ ቀኝ እጃቸውን ጣት በጣት ጓንቱ ውስጥ እያስገቡ። «በል ተነሣ፣ ደግፈህ አውርደኝ። ደግሞ አምፖል ግዛ፤ የሚመጣው ዓመት እኔ የለሁም፣ አንተ ነህ የምትጠብቃት።»