ያልጨረስኩት ሰላምታ

ነገሌ ተወልጄ አድጌ፣ እዚሁ ሆስፒታል መድኃኒት ቤት ዐሥራ አንድ ዓመት ሠርቼ፣ እንዲህ ያለ ስህተት እሠራለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ወላጆቼ ከጎጃም መጥተው የቀሩ አስተማሪዎች ናቸው፤ እኔ ግን ከጎረቤት ልጆች ጋር በኦሮምኛ ነው አፌን የፈታሁት። ስለዚህ የአገሩን ወግ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም። ቸኩዬ ነው። ባልደረቦቼ "ሐረገወይን መስኮቱ ላይ ካለች ሰልፉ በሩጫ ነው" እያሉ ይቀልዱብኛል። ቀልዱን እወደው ነበር።

ማክሰኞ ነው። ሰልፉ ከበሩ ውጭ ወጥቷል። እማማ ሎሚ መስኮቱ ጋ ደረሱ። ባላቸውን ኦቦ አረሮን በደንብ አውቃቸዋለሁ፤ ካንሰሩ አጥንታቸው ውስጥ ከገባ ስምንት ወር ሆኖታል። በየሁለት ሳምንቱ ሰኞ ሰኞ የሞርፊን ሽሮፕ የምሰጣቸው እኔ ነኝ። ይህ መድኃኒት እንደ ሌላው አይደለም፤ ተቆልፎ ይቀመጣል፣ በልዩ ማዘዣ ይወጣል፣ ቀኑ ሳይደርስ ለመስጠት ደግሞ አዲስ የሐኪም ፊርማ ይፈልጋል።

"አካም ልጄ፣ ናጋ?" አሉኝ።

"ናጋ። ምነው ዛሬ መጡ? ቀጠሮዎ የሚመጣው ሰኞ ነው።"

"ነገ አገራችን፣ ወደራ ልንሄድ ነው። ለመንገድ ትሰጪኝ እንደሆነ ብዬ።"

መዝገቡን ገለጥኩ። "በመዝገቡ ገና የስድስት ቀን መድኃኒት አላችሁ። ኦቦ አረሮ እንዴት ናቸው?"

"ናጋ ነው።"

"እሰይ። ደህና ከሆኑ እስከ ሰኞ ይበቃችኋል። ሲመለሱ ይወስዳሉ።"

እማማ ሎሚ እጃቸውን ከመስኮቱ ጠርዝ ላይ አላነሱም። ቀጣዩን ጥያቄ እየጠበቁ ነበር። እኛ አገር ሰው መከራውን ይዞ ሲመጣ ገና እንደ ደረሰ አያወርደውም። ስለ ባለቤቱ ይጠየቃል፣ ናጋ ይላል፤ ሰላም ነው። ስለ ልጆቹ ይጠየቃል፣ ናጋ። ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ናጋ፣ ናጋ። ቤት ውስጥ ሬሳ ቢኖር እንኳ መጀመሪያ የሚባለው ናጋ ነው። ሁሉም ተጠይቆ ካለቀ በኋላ፣ ትንሽ ዝም ተብሎ፣ ያን ጊዜ ነው እውነቱ የሚወጣው። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ሠራተኛ ይህን ባያውቅ ይቅር ይባላል። እኔ ስለ ልጆቹ እንኳ ሳልጠይቅ "ቀጣይ" አልኩ።

አመስግነውኝ ሄዱ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ኢፋ መጣ። ባጃጅ ነጂ ነው፣ የእማማ ሎሚ ጎረቤት። የመጣው ለራሱ የጨጓራ መድኃኒት ሊወስድ ነበር።

"ኦቦ አረሮን ትናንት መናኸሪያ አደረስኳቸው" አለኝ። "ሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ አስተኛናቸው። ከእንግዲህ አይመለሱም። ልጆቻቸውን መርቀው በአባታቸው መሬት ሊቀበሩ ነው የሄዱት።"

"ደህና ናቸው ብለውኝ ነበር እኮ" አልኩ።

ኢፋ አየኝ። "ሕመሙ ከጠናባቸው ሳምንት ሊሞላው ነው። ሐኪሙ ሲብስ ጨምሩ ብሏቸው ስለነበር ሽሮፑን እጥፍ ሲወስዱ ነው የሰነበቱት። ሲሄዱ ጠርሙሱ ውስጥ የቀረው ጥቂት ነበር። እማማ ሎሚ 'ልነግራት ሄጄ፣ ነገሩ ላይ ሳልደርስ ተመለስኩ' ሲሉ ሰማሁ።"

ኢፋን ተቆጣሁት፤ ያውም ሰው ፊት፣ ለምን ትናንት መጥተህ አልነገርከኝም ብዬ። እሱ ምን አጠፋ? የምቆጣው ሰው አጥቼ ነው። ከዚያ ዶክተር ሙሉነህ ጋ ሮጥኩ። ነገሩን ሰምተው አዲስ ማዘዣ ጻፉና ፈረሙ። ዐሥር ደቂቃ አልፈጀም። ማክሰኞም ቢሯቸው ነበሩ፤ ከመስኮቴ ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው።

በዚያ ሰዓት የወደራ መኪና አልነበረም። ዓርብ በጠዋቱ ፈቃድ ወስጄ፣ ጠርሙሱን በነጠላ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አድርጌ ሄድኩ። ሾፌሩ ለከሰልና ለተሳፋሪ በቆመ ቁጥር በሆዴ ሰደብኩት። ከወደራ ሞተር ሳይክል ይዤ መንደሩ ስደርስ ወንዶቹ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል፤ የሚያወራ የለም። ከሞተሩ ሳልወርድ ገባኝ።

እማማ ሎሚ ወጥተው እጄን ያዙ። ሳልጠይቃቸው ራሳቸው ነገሩኝ። መድኃኒቱ ያለቀው ረቡዕ ማታ ነው። ኦቦ አረሮ ልጆቻቸው እንዳይሰሙ ጋቢያቸውን ነክሰው አደሩ። ሐሙስ ወንዶች ልጆቻቸው ለምርቃት ፊታቸው ተቀመጡ። ሦስት ጊዜ ጀመሩ፤ ሦስቴም ሕመሙ ቃሉን ከአፋቸው ነጠቃቸው። አመሻሹ ላይ አረፉ፤ ዛሬ ማለዳ ተቀበሩ። ትልቁ ልጅ ጋልጋሎ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው፣ ከቀብር መልስ አባቱ ፊት ተቀምጦበት ወደነበረው ቦታ ተመልሶ ተቀምጧል፤ ተነሳ ቢሉት እምቢ ብሏል።

ጠርሙሱን ከነጠላዬ አወጣሁ። ለምን እንዳወጣሁት አላውቅም። ልቅሶዬ መጣ። "እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ እማማ" አልኩ።

"አይ ልጄ፣ ሥራ በዝቶብሽ ነበር" አሉኝ፣ እንባዬን በሻሻቸው ጫፍ እየጠረጉ። "እኔ ነኝ ቶሎ መናገር ያቃተኝ።"

ጠርሙሱን ከእጄ ተቀብለው ወደ ፀሐይ አቅንተው አዩት። ሙሉ ነው። መልሰው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ።

"አሁኑኑ ይዘሽው ተመለሽ" አሉኝ። "እዚያ የሚያመው ሌላ ሰው አይጠፋም።"