ቲካ የተቀባው ኮምፒውተር

አጂታ ማብሪያውን እንደገና ተጫነችው። ማራገቢያዎቹ ዞሩ፤ ሳጥኑ ውስጥ ሰማያዊ ብርሃን ፈሰሰ፤ ስክሪኑ ግን እንደጠቆረ ቀረ። ማዘርቦርዱ በተባለው ዋና ሰሌዳ ላይ፣ ምስሉን ወደ ስክሪኑ የሚልከው ግራፊክስ ካርድ እንዳልተገኘ የምትናገረው ትንሽ ቀይ መብራት በራች። ትናንት ገጣጥማ ስትጨርስ ሁሉም ነገር ሠርቶ ነበር። ዛሬ ጠዋት ገመዶቹን መልክ ላስይዝ ብላ ካርዱን ነቀለች፤ ቁርስ በልታ ተመልሳ ሰካችው። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ዓይኑ ጠፋ።

ከሰዓት በኋላ አጎቷ ፑርናማን ይመጣል። በኔፓሏ ፓታን ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥ የፈረሰው ቤታቸው ቦታ በእናቷ በቺኒማያ ስም ነው። አጎትየው ገዝቶ በኮንክሪት ሊያቆመው ይፈልጋል፤ የመጨረሻ መልስም ዛሬ ይጠብቃል። “ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል” እያለች አጂታ ስታጉረመርም ሰንብታለች። ቀን ቀን ቢሮ ተቀምጣ የሰው ሆቴል ትነድፋለች፤ ትርፍ ጊዜዋን ግን ያንን ቤት ከትዝታዋ ጡብ በጡብ በኮምፒውተር ሥዕል መልሳ ስትሠራበት ከረመች። ሥዕሉ ለአሮጌው ላፕቶፕ ከበደው። ይህን ኮምፒውተር የገጣጠመችው እናቷ ውሳኔዋን ከመናገሯ በፊት በቤቱ ውስጥ በዓይኗ እንድትመላለስ ነው።

የስክሪኑን ገመድ አየች፤ ልክ ነው። ወደ ካርዱ የሚሄደውን የኤሌክትሪክ ገመድ ነቅላ ሰካች፤ ለውጥ የለም። ዕቃውን ለሸጠላት ለባድሪ ደውላ፣ ያገለገለ ካርድ አዲስ ብለህ ሰጠኸኝ ብላ ጮኸችበት። ባድሪ ሳይቀየም ካርዱን አውጥታ መሰኪያውን በደንብ እንድታይ ነገራት።

ወዲያው አልተነሳችም። ማራገቢያዎቹ ሹ ይላሉ። ከመስኮቱ ውጭ የብርዱ ወራት ጉም ጣሪያዎቹን ውጧቸዋል፤ ከጉሙ መሀል የድሮው ቤት ቀስ ብሎ ብቅ ያለ መሰላት። ፀሐይ በተፈለፈለው የእንጨት መስኮት ገብታ ወለሉ ላይ ተበትናለች። ርግቦች ከጣሪያው ሥር ያንጎራጉራሉ። እሷም እግሯን አጣጥፋ መስኮቱ ላይ ተቀምጣለች፤ ማንም አይጠራትም፣ ማንም አያስቸኩላትም። በዚያ ቤት አንድም ቀን የከፋት አይመስላትም ነበር።

ኤሌክትሪኩን አጥፍታ ካርዱን ነቀለች። በስልኳ መብራት መሰኪያው ውስጥ ስታይ አንዲት ቀይ የሩዝ ፍሬ በደረቀ እርጎ ተጣብቃ ካርዱን እንዳይገባ ከልክላዋለች። ለምርቃት የሚቀባው ቀይ ቲካ ከሩዝና ከእርጎ ነው የሚሠራው።

“እማዬ፣ እዚህ ውስጥ ቲካ አድርገሻል እንዴ?”

ቺኒማያ እጇን በሳሪዋ ጫፍ እያበሰች ገባች። “ታዲያሳ! አዲስ ዕቃ ሳይመረቅ ይነሳል?”

“ሲመረቅ ከላይ ነዋ።”

“ክዳኑን መርቄ ምን ላገኝ? ቁርስ ስትበዪ ሆዱ ተከፍቶ ሳገኘው እዚያው መረቅሁት።”

አጂታ ሳቋ አመለጣት። ሩዟን በወረንጦ አወጣች፤ የቀረውን በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ አጸዳች። እስኪደርቅ ጠብቃ ካርዱን ስትጫነው ቀጭ ብሎ ገባ። ስክሪኑ በራ።

እናቷን አጠገቧ አስቀምጣ በስክሪኑ ላይ የድሮውን ቤት በር ከፈተችላት። ምድር ቤት አባቷ በሕይወት ሳለ መዳብ የሚቀጠቅጥበት ክፍል አለ፤ ቺኒማያ መዶሻዎቹን አይታ ፈገግ አለች። ከዚያ ደረጃው መጣ። ወጡ፣ ወጡ፣ እንደ ሰፈሩ ወግ ጣሪያ ሥር እስካለው ማዕድ ቤት ድረስ ወጡ።

“ደረጃውን እንኳ አልረሳሽውም” አለች እናቷ።

“አንዱንም አልረሳሁ።”

“እኔም አልረሳሁት። ጉልበቴ ይዞታል።” ዓይኗን ከስክሪኑ አላነሳችም። “ከሰፈሩ ምንጭ እዚህ ድረስ ውሃ ስሸከም ነው ወጣትነቴ ያለቀው። አንቺ ርግብ ስታዪ ነው ያደግሽው፤ እሰየው፣ አልቆጭም። ግን ፑርናማን አዲሱን ቤት ስሠራ ምድር ቤት ክፍል እሰጥሻለሁ ሲለኝ ደስ ብሎኝ ነበር።”

አጂታ ፊቷ ጋለ። “ለምን አልነገርሽኝም?”

“እንዲህ ስትለፊበት እያየሁ? ምን ብዬ?”

ይህን ሁሉ ጊዜ ቤቱን መልሳ ስትሠራ እናቷ እዚያ ውስጥ የት ቆማ እንደነበረች አንድም ቀን አልጠየቀችም፤ አፈረች።

ታች በሩ ተንኳኳ። አጎቷ ነው። ልትከፍት አልተነሳችም። ማውሱን ያዘችና ማዕድ ቤቱን ከነምድጃው፣ ከነመደርደሪያው መርጣ ወደ ምድር ቤት አወረደችው። እዚያ ያለው የአባቷ ክፍል ነው። እጇ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ ክፍሉን አጠፋችው።

“የውሃ ቧንቧውን በየት በኩል ላድርገው?”

“ምድር ቤት ማዕድ ቤት?” አለች ቺኒማያ። “ሰው ምን ይለናል?”

“ይበለን። በየት በኩል ይሁን?”

በሩ እንደገና ተንኳኳ።

“ትንሽ ይጠብቅ” አለች ቺኒማያ፤ ወንበሯንም ወደ ስክሪኑ አስጠጋች።