ከመሬት የተነሳው ጋቢ

ዘነበች አባቷ የነፈጓትን ጉልበት ሲሰጧት ያየችው፣ እሳቸው ከሞቱ ከስንት ዘመን በኋላ፣ አሰብ ውስጥ፣ በሳኒ ቪዲዮ ቤት ጓዳ ተቀምጣ ነው።

በቴሌቪዥኑ ላይ የደሴው ሠርጓ ይታያል፤ አባቷ አቶ ካሣ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ቬል የለበሰችው ሙሽራ፣ ማለትም እሷው ራሷ፣ ዝቅ አለች። የአባቷ ጉልበት ወደ ፊት መጣላት፤ ሳመችው። አለቀ። ልጇ ቤዛ አጠገቧ ቆማ የእናቷን ፊት እንጂ ቴሌቪዥኑን አታይም ነበር።

ዘነበች ይደገምልኝ አለች። ኮምፒውተሩን በአውሮፕላን ጭኖ ከአዲስ አበባ የመጣው ቴዎድሮስ፣ ሳኒ ለደንበኛ ሁሉ «ሙት ያስነሳል» እያለ የሚያወራለት ልጅ፣ ደስ ብሎት ደገመላት። ሰው ሥራውን ሲወዱለት ደስ ይለዋል፤ እሱ የወደደችለት መስሎታል። ሦስተኛ ጊዜ ስታስደግመው ግን ዓይኗ ከጉልበቱ ላይ ተነሳና ወለሉ ላይ አረፈ። የአባቷ ጋቢ ወለሉ ላይ ወድቆ ነበር። ከዚያ ማንም ሳይነካው ተነስቶ ትከሻቸው ላይ ወጣ።

«ቴዲ፣ ልጄ፣» አለች ዘነበች፣ «ደሴ ብርድ አለ እንጂ ጋቢ ወደ ላይ አይወድቅም።»

ቴዎድሮስ ቤዛን አየ። ቤዛ ደግሞ የጓዳውን ማራገቢያ። ከዚያ ወዲያ መደበቅ አልተቻለም። እውነተኛው ፊልም ላይ ጉልበቱ የሚሄደው ወደ ኋላ ነው። ሙሽራዋ ልትስም ዝቅ ስትል አቶ ካሣ ጉልበታቸውን ይሰበስባሉ፤ ቴዎድሮስ ያቺን ቅንጣት ወደ ኋላ አጫወታት፣ የሰበሰቡት ጉልበት የዘረጉት ሆነ። ያዘዘችው ቤዛ ናት። ሠርጓ እሑድ ነው፤ የሙሽራው ወገኖች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መጥተዋል፤ የእናትና የአባቷ ሠርግ ድንኳኑ ውስጥ በቴሌቪዥን ሊታይ ነው። አያቷ እናቷን ሲገፉ አማቾቿ እንዲያዩ አልፈለገችም። ከሁሉ በላይ ደግሞ እናቷ ያንን ቀን ዳግመኛ እንድታልፍበት አልፈለገችም። ክፋት አልነበረበትም፤ ሰው በክፋት የሚያጠፋው በፍቅር ከሚያጠፋው ቢያንስ እንጂ አይበልጥም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በስልሳ አምስት ዓመተ ምሕረት የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ሠራተኛ የነበረው ወሰኔ ዘነበችን ሊያገባ ደሴ ወጣ። አቶ ካሣ «ልጄን ለበረሃ አልድርም» ብለው ስንት ሽማግሌ ከመለሱ በኋላ በግድ እሺ አሉ። በሽኝቱ ሰዓት ዘነበች ጉልበት ልትስም ዝቅ አለች። ቬሏ ዓይኗን ሸፍኖታል፤ የሚታያት የአባቷ ጉልበት ብቻ ነበር፤ ጉልበቱም ከፊቷ ሸሸ። ወዲያው አንድ እጅ ክንዷን ይዞ አነሳትና ወደ መኪና ወሰዳት። አንዱ ሚዜ ከኀፍረት ያተረፋት መሰላት። አባቷ ያን ክረምት ታመው «ልጄን ጥሩልኝ» ብለው ሲልኩ አልሄደችም። «ጉልበታቸውን ነፍገውኝ፣ ዛሬ ሲደክማቸው አስታወሱኝ?» አለች። ሞቱ። ለቅሶውንም አሰብ ተቀመጠች።

ሠርጉን በፊልም ያነሳው የወሰኔ ወዳጅ የነበረ ፈረንጅ መሐንዲስ ነው። ፊልሙ ውጭ አገር ታጥቦ የተመለሰው የአባቷ አርባ ከወጣ በኋላ ነበር። ወሰኔ «ብርሃን ገብቶበት ተበላሽቷል» አላት፤ አመነችው። እሱ ካረፈ በኋላ የመሣሪያ ሣጥኑን ስታራግፍ ነው ፊልሙን በቆርቆሮ ታሽጎ ያገኘችው። ብርሃን ያልገባበት፣ የአሰብ ሙቀትና ወበቅ ግን መጨረሻውን እርስ በርሱ ያጣበቀው ፊልም።

አሁን ዘነበችን የያዛት ጋቢው ነው። ደህና ያደገ ሽማግሌ ጉልበቱን ዝም ብሎ አያስስምም፤ ልትስሚው ስትይ ይሰበስብና «በሞቴ ቀና በይ» ብሎ ትከሻሽን ይዞ ያነሳሻል። የተቀየመ ሰውም ጉልበቱን ይሰበስባል። ከታች፣ አንገትሽን ደፍተሽ ስታዪው፣ ሁለቱ አንድ ናቸው። የሚለያቸው እጆቹ ቀጥሎ የሚያደርጉት ነው። የሚሸሽ ሰው ደግሞ ወደ ኋላ ይለጠጣል፤ ጋቢው ከጀርባው ይጣበቃል እንጂ አይወድቅም። ጋቢ የሚወድቀው ሰውየው ወደ ፊት ሲያጎነብስ ነው። አጎንብሰው ከነበረስ? አባቷ ሲጠሯት የቀረችው በማን ጥፋት ሊሆን ነው?

ቀጥታ ጋሽ ስለሺ ቤት ሄደች። ስለሺ ድሮ በማጣሪያው ክበብ ፊልም የሚያሳዩ ሰው ናቸው፤ ፕሮጀክተሩ ዛሬም እሳቸው ዘንድ ነው። የፊልሙን መጀመሪያ አጽድተው ለቴዎድሮስ የሰጡት እሳቸው ነበሩ፤ የተጣበቀውን ጅራት ግን እርጥብ ጨርቅ ያለበት ድስት ውስጥ ከድነው በትዕግሥት እያላቀቁት ነበር።

«ካስቸኮልሽኝ ምስሉ ከአንዱ ተልጦ ሌላው ላይ ይቀራል። ያኔ እኔም አንቺም የለንበትም» አሏት።

ቤዛ ተከትላት መጥታ ደጃፉ ላይ ቆማለች። እማዬ ተይው አለቻት። ያማረ ነገር በእጃችን አለ፣ ያልታየው ቢከፋስ ብላ ለመነቻት። ዘነበች ወደ ስለሺ ዞራ ስታያቸው እሳቸው መነጽራቸውን ጠረጉና ድስቱን ከፈቱ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የስለሺ ሳሎን መስኮት በብርድ ልብስ ተጋርዶ፣ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ሆኖ፣ ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ተወጠረ። ፊልሙ በጣም ስለደረቀ ምናልባት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያልፈው። ቴዎድሮስ ካሜራውን አንሶላው ላይ ደግኖ እንዲቀዳ ተነገረው። መብራት እንዳይሄድ ሁሉም በየሆዱ ተማጸነ፤ አሰብ ላይ መብራት ቃሉን የሚጠብቅ ወዳጅ አይደለም። ፕሮጀክተሩ መንኳኳት ጀመረ። ስለሺ እጃቸውን ጥቅሉ ላይ አድርገው እንደ ሕመምተኛ የልብ ምት ያዳምጣሉ። አንዴ ፊልሙ ተንገጫግጮ ሊቆም ሲል ቤዛ ዓይኗን ጨፈነች። አለፈ።

ጉልበቱ ሸሸ። ጋቢው ወደቀ። ከዚያ የተላጠ፣ ነጠብጣብ የወረሰው፣ ግን የሚታይ ምስል መጣ። የአቶ ካሣ ሁለት እጆች ወርደው በሙሽራዋ ትከሻ ላይ አረፉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ሊያነሷት ነው፤ እየመረቋት ነው። ከጎን አንድ እጅ ገባ፤ የሙሽራዋን ክንድ ጨምድዶ ያዘና ጎተታት። እጁ የሚዜ አልነበረም። የወሰኔ ነበር። የአቶ ካሣ እጆች ባዶ አየር ላይ ቀሩ። አንሶላው ነጭ ሆነ።

ዘነበች አባቷን አገኘቻቸው፤ ያገኘቻቸውም ተጠርታ የቀረች ልጅ ሆና ነው። ወሰኔ ያን ቀን ሽማግሌው ልጅቷን የገፉ መስሎት ነበር፤ ስንት ጊዜ ተዋርዶ የመጣ ሙሽራ ነውና «ካፈርኩ አይመልሰኝ» ብሎ ጎተታት። ያ ስሕተት ነው፤ ስሕተት ይማራል። በኋላ ፊልሙን ለብቻው አይቶ፣ እውነቱን አውቆ፣ ብርሃን ገባበት ያላት ግን?

«አባዬ ነው» አለች ቤዛ። ከዚያ ወደ ቴዎድሮስ ዞረች። ቴዎድሮስም ገባው፤ «ምስሉን አያትየው ትከሻዋን ሲይዙ ላይ አቆመዋለሁ፣ ያኛው እጅ ሳይገባ፤ ማንም አያውቅም» አለ። አልዋሽም፣ የዘነበችም ልብ ወደዚያ ሄዶ ነበር። የአባቷ ምርቃት ይታያል፤ የባሏም ስም አይነካም።

«በሠርጌ ቀን አባቴን ሰው ፊት ልታቆሚው ነው?» አለች ቤዛ።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» አለች ዘነበች። «አባትሽን እየወቀስኩት አይደለም። ግን አባቴ ያልሆኑትን ሆነው ስንት ዘመን በልቤ ኖሩ፤ አባትሽን ደግሞ ያልሆነውን አላደርገውም። እሱ ሊያቃጥለው ሲችል ያላቃጠለውን ፊልም እኔ አልቆርጠውም። እንዳለ ይታይ፣ ቴዲ።»

ቤዛ ወጥታ ሄደች። ቅዳሜን ሙሉ፣ እጇን ሂና ሲቀቧት እንኳ፣ ለእናቷ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ዘነበች ልጇን በሠርጓ ዋዜማ ያጣቻት መስሏት ጓዳ ገብታ ተንሰቀሰቀች፤ ቃሏን ግን አላጠፈችም።

እሑድ ድንኳኑ ውስጥ ፊልሙ ከነጠብጣቡ፣ ከነመላጡ ታየ። አያትየው ሲያጎነብሱ አንዳንዱ አጨበጨበ። እጁ ሲገባ ጭብጨባው ቆመ፤ የሙሽራው አባት አቀርቅረው ጺማቸውን ዳሰሱ። ዘነበች እንደ ዓርቡ የአባቷን እጆች ብቻ እያየች ነበር፣ አየር ላይ እስኪቀሩ። ሚዜዎቹ መሃል የተቀመጠችው ቤዛ ከነቬሏ ተነሳች። ሰው ሁሉ ልትወጣ ነው ብሎ ጠበቀ። መጥታ እናቷ አጠገብ ተቀመጠችና ጆሮዋ ሥር ተጠጋች።

«የአባዬ እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር። አላየሽም?»

ዘነበች አላየችም ነበር። ወሰኔ ፈርቶ ነበር ማለት ነው፤ ያ ሁሉ ኩራት የመሰላት ፍርሃት ነበር፣ እንዳትቀርበት። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለወሰኔ አለቀሰች፤ ቤዛም እጇን ይዛ አብራት አለቀሰች።