ቤቱን የምታውቀው ሴትዮ

ሴትዮዋ ፊቷን ልትታጠብ ወደ ጓዳ ስታልፍ፣ በሩ ጋ ስትደርስ ጎንበስ አለች። ማንም “ተጠንቀቂ” አላላትም። ከቀብሩ ወዲህ ለቅሶ ደራሹ ሁሉ ግንባሩን የሚገጭበት በር ነው፤ አንድ ጎረቤት እንዲያውም ለሟቹ ሳይሆን ለራሱ ግንባር ሲያለቅስ ታይቷል። እሷ ግን ጎንበስ ብላ ገባች፤ እጇን ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ሰደደችና ሳታይ መብራቱን አበራች።

የሟቹ ሚስት ይህን አየች። የልጇን ክንድ ጨበጥ አደረገች።

“አየሽ? ቤቱን ታውቀዋለች። የአባትሽ ዘመድ ናት።”

“እማ፣ መጀመሪያ እንጠይቃት።”

“ምኑን ነው የምትጠይቂያት? ከጠዋት ጀምሮ እንደሷ ያለቀሰ ማን አለ? ባዳ እንዲህ አያለቅስም። አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ ‘የኛ ነው’ ብሎ ይምጣለት ብዬ ነበር የጸለይኩት።”

ልጅቷ አስተማሪ ናት፤ ከተወለደችበት ከሩቁ አገር የመጣችው አባቷን ልትቀብርና እናቷን ይዛ ልትመለስ ነው። የሁለቱም ቲኬት ተቆርጧል። እናትየው ግን ንቅንቅ አልልም ብላለች። “እሱ ያለው በአያቶቹ ቤት፣ በአያቶቹ መካከል ነው፤ ትቼው የት ልሂድ?” ነው መልሷ።

አባትየው ፀጉር አስተካካይ ነበር። በተወለደበት በዚያው ሩቅ አገር ደንበኞቹ አንገታቸውን ከምላጩ ሥር ዘርግተው፣ “አንተ፣ መቼ ነው አገርህ የምትገባው?” ይሉታል፤ ሰው ምላጭ የያዘን እጅ እንዲህ ብሎ ለመጠየቅ እንዴት እንደሚደፍር እግዜር ይወቅ። እሱ ይስቃል። ማታ ግን ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ ከአባቱ የሰማውን ይነግራታል፤ ስለ ድንጋዩ ቤት፣ ስለ ወንዙ መታጠፊያ፣ የኮራውን ሁሉ አንገት ስለሚያስደፋው አጭር በር። በስተርጅናው ፀጉር ቤቱን ሸጦ ወደ አያቶቹ አገር መጣ። ወንዙ ከሚታጠፍበት ላይ ይህን ቤት አገኘ፤ የጓዳው በር ግንባሩን ገጨውና ደሙን እየጠረገ በደስታ አለቀሰ። ቤቱን ገዛው።

ከዚያ ወዲያ ያለው ለወሬም አይመች። እዚህ በከፈተው ፀጉር ቤት ደንበኞቹ “ከየት ነህ?” ይሉታል። “ከዚሁ ነኝ።” “እሱስ ይሁን፤ የእውነት ከየት ነህ?” እዚያ ሳለ ቅጽል ስሙ ማዶ ነበር፤ እዚህም ማዶ ሆነ። ከሁለት ያጣ ጎመን ማለት እሱ ነው። የቀረው ይህ ቤት ብቻ ነበር። ሲመሽ ከጓዳ የእግር ኮቴ ይሰማል። “አይዞሽ፣ አያቴ ናቸው፤ ቤታቸውን ሊያዩ ነው” ይላል ለሚስቱ፤ ለሽማግሌው ብሎም የጓዳውን መብራት ሳያጠፋ ይተኛል። ልጅቷም ከመጣች ወዲህ ሰምታዋለች። ቀስ ያለ፣ የሚያነክስ ሰው ኮቴ ነው፤ ምድጃው ጋ ሲደርስ ይቆማል።

ፎጣ ይዛ ሴትዮዋን ተከትላ ገባች። ሴትዮዋ ከምድጃው በላይ ያለው ግድግዳ ላይ መዳፏን ለጥፋ ቆማለች።

“ይቅርታ እማማ፤ ከአባቴ ጋር እንዴት ነው የሚዛመዱት?”

ሴትዮዋ ፎጣውን ተቀበለች እንጂ ፊቷን አልጠረገችበትም።

“አልዋሽሽም ልጄ። አባትሽን አላውቃቸውም። እኔ የተወለድኩት እዚህ ጓዳ ውስጥ ነው።”

“እዚህ?”

“እዚህ። ዘራችሁ ከዚህ አይደለም ተብለን ስንባረር ልጅ ነበርኩ። ድስቱን እንኳ ከእሳት አላወረድነውም። ሳልሞት ቤቱን ከውጭ አይቼ ልመለስ ብዬ ነው የመጣሁት። በሩ ክፍት ነው፣ ሰው ሞልቶ ይላቀሳል። እግሬ ይዞኝ ገባ። እኔም የማለቅስለት አላጣሁም፤ አባቴ የሞተው በሰው አገር፣ በኪራይ ቤት ነው። አከራያችን ጩኸት አይወዱም ነበር።”

“ምናልባት ከእናንተ በፊት… የአባቴ አያቶች…”

“ከመሠረቱ ያቆሙት አያቴ ናቸው። በሩንም የሠሩት በራሳቸው ቁመት ልክ ነው። ድንክ የሚባሉ ሰው ነበሩ።”

ልጅቷን ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው ግን የሌሊቱ ኮቴ ትዝ አላት።

“አያትዎ ያነክሱ ነበር?”

“አያቴማ ደህና ነበሩ። የሚያነክሰው አባቴ ነው። ማን ነገረሽ?”

ልጅቷ ዞር ብላ ምድጃውን አየች። አባቷ እስኪሞት ድረስ መብራት እያበራ ያሳደረው የሰው አባት ኖሯል። ተናደደች፤ በማን እንደተናደደች ግን አላወቀችም። ይህን ለእናቷ አንድ ጊዜ ብትነግራት፣ እናቷ ሻንጣዋን ሸክፋ አብራት ትሄዳለች። የሚያስቀራት ነገር አይኖርም። አባቷ ግን በባዳ ቤት፣ በባዳ ሙታን መካከል ለሁለተኛ ጊዜ ይሞታል።

ወደ ሳሎን ሲመለሱ ቤቱ ጸጥ ብሎ ጠበቃቸው። እናትየው “ዘመድ መጣ” ብላ ለሁሉም አዳርሳለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የጎረቤታቸው የባለ ሱቋ ሹክሹክታ ግን ለባለቤቱም ይሰማ ነበር። “ይሄ ሰውዬ ዘመድ ከየት ያመጣል? ቤት ይገዛል፤ ዘርም ይገዛል እንዴ?” እያለች ነው የከረመችው። አሁን የቡና ስኒዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

“እንኳን ደረሱ” አለቻት ሴትዮዋን። “ለሟቹ ምናቸው ነዎት?”

ሴትዮዋ ልጅቷን አየቻት። እናትየውም አየቻት፤ እንባዋን መጥረግ ትታ መልሱን ትጠብቃለች።

ልጅቷ ፈራች። እናቷን ለነዚህ ሰዎችና ለዚያ ኮቴ ብቻዋን ጥላት ልትሄድ ነው። እያወቀች፣ በገዛ አፏ።

“የአባቴ የአክስት ልጅ ናቸው” አለች። “የተወለዱትም እዚሁ ቤት ነው።”

ባለ ሱቋ አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። ከጥግ አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“እኔ እኮ መልኩን አይቼ፣ ይሄ ሰው የዚሁ አገር ነው ብዬ ነበር” አሉ። ሌሎቹም እነሱም እንደጠረጠሩ ተናገሩ።

እናትየው ፍራሹ ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀች። ሴትዮዋ አጠገቧ ተቀመጠች፤ እጅ ለእጅ ተያያዙ። እናትየው እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቀች ትከሻዋ ላይ ወደቀች። ሴትዮዋም ሟቹን ጠርታ ልታለቅስ አፏን ከፈተችና ገታ አለች። ወደ ልጅቷ ዘንበል አለች።

“ስማቸው ማን ነበር?” አለቻት በሹክሹክታ።

ልጅቷ የሴትዮዋን ሻሽ ከጆሮዋ ላይ ገለጥ አድርጋ፣ የአባቷን ስም ነገረቻት።