ወደ ታች የሄድንበት ተራራ

ባሌ ኤልድን ልቡን ታሞ ከሆስፒታል ሲወጣ፣ ከባሕር ዳርቻ አገር የመጣው ወጣቱ ሐኪም አጥብቆ ያስጠነቀቀን አንድ ነገር ነበር፦ «ከእንግዲህ ላይ መውጣት የሚባል ነገር የለም።»

እኛ ጋ፣ አሜሪካ ምዕራብ ኔብራስካ ውስጥ፣ «ላይ» ማለት ሰሜን ነው፤ «ታች» ደግሞ ደቡብ። ምድሩ እንደ ጠረጴዛ ስለተነጠፈ ቃሉን ለሌላ ነገር አንፈልገውም። ስለዚህ ክረምቱን በሙሉ ኤልድንን ወደ ሰሜን ፈቀቅ እንዲል አልፈቀድኩለትም። የፖስታ ሳጥኑ በስተሰሜን ነው፤ እኔ እሄዳለሁ። ቤተ ክርስቲያኑም በስተሰሜን ነው፤ ይቅርበት። እህቴም እዚያው ላይ ናት፤ እሷንም እኔ ብቻዬን እጠይቃታለሁ። አልጋውን እንኳ ልቡ ከእግሩ ይልቅ ወደ ታች ይሁን ብዬ ራስጌውን ወደ ደቡብ አዙሬዋለሁ።

የልጅ ልጃችን ማርሊስ፣ ዌድ ለሚባል የጎረቤታችን የዋዮሚንግ ግዛት ልጅ ታጨች። ተራራ ላይ ያደገ ነው። «የአገራችሁ ትልቁ ተራራ ጫፍ ላይ ካልሆነ አላገባሽም!» ብሎ ቀለደባት። እሷ ደግሞ እልኸኛ ናት። «እሺ! አያቴም እዚያው ድረስ መጥቶ እጄን ይዞ ይሰጥሃል!» አለችው።

ክው ብዬ ቀረሁ። «የት ነው ቦታው?» ስል ግን፣ «ታች ነው፣ የግዛታችን ድንበር ጋ» አሉኝ። ታች ከሆነማ! እፎይ ብዬ ለሠርጉ የድንች ሰላጣዬን ሠራሁ።

ቀኑ ደርሶ በግጦሹ መሀል ነዳን፣ ነዳን። ዌድ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «ኧረ ተራራው የታለ? እኛን ሲያይ ሸሸ እንዴ?» ይላል። በመጨረሻ አንዲት አጭር የድንጋይ ምልክት አየን። አንድ ግዙፍ ጎሽ ጎኑን ያክባታል። አክኮ እስኪጠግብ ጠበቅነው፤ ማን ደፍሮ ይበቃሃል ይለዋል?

የቤተ ክርስቲያናችን ፓስተር ሎውል ከድንጋዩ በስተሰሜን ቆመው ኤልድንን ጠሩት።

«ኧረ ፓስተር፣ በሞቴ! እርስዎ ወደ ታች ይምጡ!» ብዬ ጮኽኩ።

«ወዴት ታች፣ ኦርላ?» ዙሪያቸውን አዩ።

«እሱ ላይ መውጣት የለበትም! ልቡ!»

ጉዱን ያፈላው ዌድ ነው። «እማማ ኦርላ፣ የቆማችሁበት እኮ የኔብራስካ ከፍተኛው ቦታ፣ የሁሉም ላይ ነው። ከዚህ በላይ ኔብራስካ የለም።»

መሬቱን አየሁት፤ ልሙጥ፣ ተንኮለኛ።

«ተኛ!» አልኩት ኤልድንን።

«ምን?»

«ተጋደም ነው የምልህ! ትንሽ እንኳ ዝቅ በል!»

ሙሉ ልብሱን እንደለበሰ ሣሩ ላይ ተዘረጋ። ማርሊስ በነጭ ቀሚሷ አጠገቡ ቁጢጥ አለች፤ እንባዋ መጣ። «እማማ፣ አባባ ካልተነሳ ማን ይሰጠኛል?»

«ተኝቶ መዳር በመጽሐፍ አልተከለከለም» አሉ ፓስተሩ።

እኔ ሐኪሙ ጋ ደወልኩ። «ዶክተር፣ ላይ ወጣብኝ!»

«መሰላል ላይ?»

«የምን መሰላል? ተራራ ላይ ነው እንጂ! በመኪና!»

«እማማ፣ እኔ ያልኩት መሰላል ይዞ የእህል ጎተራችሁ ጣሪያ ላይ እንዳይወጣ ነው» አለኝ።

«ሰሜንስ?»

«ሰሜን ምን ሆነ?»

ስልኩን ዘጋሁና ኤልድንን አየሁት። ሰማይ ሰማዩን እያየ ፈገግ ብሏል።

«አንተ! ታውቅ ነበር?»

«ጠርጥሬ ነበር።»

«ታዲያ ክረምቱን ሙሉ ምን አፍህን ዘጋው?»

«እህትሽ ያለችው ላይ ነው» አለ። ፓስተሩን በጎን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስብከቱም ላይ ነው።»

ፓስተር ሎውል ያልሰሙ መስለው ከጎሹ ጋር ተፋጠጡ።

ኤልድን ሣሩን አራግፎ ተነሳ። ማርሊስን ክንዷን ይዞ ድንጋዩን አልፎ ወደ ሰሜን ሲራመድ፣ እኔ ከኋላ የኮቱን ጫፍ ጨብጬ ተከተልኩ። ሐኪሙ ያለው ልክ ይሆናል፤ ሰሜን ግን ሰሜን ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ የምነዳው ግን እኔ ነኝ፣ ቀስ ብዬ።